ከቤቱ በፊት ሠሪው ይፈለግ

ቤት መግዛት አንድ ሰው በዕድሜው ከሚፈጽማቸው ውሎች ሁሉ ትልቁ መሆኑን የማያውቅ የለም። ስለዚህም ገዢው ጣራውን ቀና ብሎ ያያል፤ ግድግዳውን በጣቱ ያንኳኳል፤ የጎረቤቱን ጠባይ ይጠይቃል፤ ስለ ዋጋውም ሌሊቱን ሳይተኛ ያስባል። ነገር ግን የሚገዛው ቤት አሮጌና እድሳት የሚያስፈልገው በሆነ ጊዜ፣ ከጣራውና ከግድግዳው ይልቅ ሊመረመር የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ቤቱን የሚያድሰው ሰው ነው። ዛሬ በዚህ ገጽ ልንነጋገርበት የፈለግነው ስለዚሁ ሰው፣ ማለት ስለ ሥራ ተቋራጩ አመራረጥ ነው።

ጉዳዩን የምናነሣው በአሜሪካ አገር ከሚሠራበት አንድ የብድር ዓይነት ጋራ አያይዘን ነው። ምክንያታችንም ሁለት ነው። አንደኛ፣ በዋሽንግተን ከተማ፣ እንዲሁም በጎረቤቶቿ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ እጅግ ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ። ከነዚህም መካከል ትዳር መሥርተው ልጆች ያፈሩት ከኪራይ ለመውጣት ሲያስቡ፣ የአዲስ ቤት ዋጋ ከአቅማቸው በላይ ሲሆንባቸው ወደ አሮጌ ቤት ፊታቸውን ያዞራሉ። እኛም እዚህ ሆነን የወንድምና የእኅት ጭንቀት በስልክ ይደርሰናል። ሁለተኛ፣ የዚህ ብድር አሠራር «ገንዘብ የያዘና ሥራ የያዘ ሰው እንዴት ሊተማመኑ ይችላሉ?» የሚለውን የቆየ ጥያቄ ወለል አድርጎ ያሳያል። ሕግ ለሚማር፣ ምሕንድስና ለሚማር፣ ነገም በመሥሪያ ቤቱ የሥራ ውል ላይ ለሚፈርም ወጣት ትምህርት የሚሆን ነገር ስላለበት፣ አንባቢው የሩቅ አገር ወሬ ነው ብሎ እንዳያልፈው እንለምናለን።

ብድሩ የሚጠራው በቁጥርና በፊደል ነው፤ «203 ኬ» ይሉታል። ስሙን ያገኘው ከአገሪቱ የቤቶች ሕግ አንቀጽ ነው። በ1934 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የፌዴራል የቤቶች አስተዳደር፣ በአጭሩ ኤፍ ኤች ኤ የተባለው መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ይህ መሥሪያ ቤት ራሱ ገንዘብ አያበድርም፤ ባንኩ ያበደረው ገንዘብ ቢጠፋ የሚተካ ዋስ ነው እንጂ። ስለ እድሳት የሚናገረው አንቀጽ በ1961 ወደ ሕጉ ገባ፤ በ1978ም ተሻሽሎ ቤቱን መግዣውና ማደሻው በአንድ ብድር ተጠቃልሎ እንዲሰጥ ሆነ።

የብድሩ ጥቅም ግልጽ ነው። ጣራው የሚያፈስ፣ ማድቤቱ የፈረሰ፣ ማሞቂያው የማይሠራ ቤት ሲሆን ተራ አበዳሪ ገንዘቡን ለመስጠት ያመነታል። ገዢውም ቢሆን ለመግዣው የሚከፍለውን ከከፈለ በኋላ ለማደሻ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ አይተርፈውም። በዚህ ብድር ግን ገማቹ የሚገምተው ቤቱ ዛሬ ያለውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን ከታደሰ በኋላ የሚኖረውንም ጭምር ነው። ገዢው ብድሩን በአግባቡ የመክፈል ታሪክ ካለውና ነጥቡ 580 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከራሱ ኪስ የሚያዋጣው ከመቶ ሦስት ተኩል ብቻ ሊሆን ይችላል። በዕቁብና በቁጠባ ጥቂት ገንዘብ ላጠራቀመ የታክሲ ነጂ ወይም ነርስ ይህ ትልቅ በር ነው።

ብድሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው «ውሱን» የሚባለው ሲሆን፣ ለቀለም፣ ለወለል፣ ለማድቤት፣ ለጣራና ይህን ለመሰለ ሥራ የሚውል ነው፤ የቤቱን ምሰሶና ተሸካሚ ግድግዳ የሚነካ ሥራ አይፈቀድበትም። የእድሳቱ ወጪ ጣሪያ 35 ሺህ ዶላር ሆኖ ብዙ ዓመት ከቆየ በኋላ በኖቬምበር 2024 ወደ 75 ሺህ ከፍ ብሏል፤ ሥራውም በ9 ወር ማለቅ አለበት። ሁለተኛው «መደበኛ» የተባለው ነው። ይህ ከዚያ ለሚበልጥና መሠረቱን፣ ምሰሶውን ለሚነካ ሥራ ሲሆን ጊዜው 12 ወር ነው፤ የሥራውን ዝርዝር የሚጽፍና እየተመላለሰ የሚመረምር፣ በመንግሥት መዝገብ የተመዘገበ አማካሪም ግዴታ ይሆንበታል።

እንግዲህ ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አበዳሪው ብድሩን ከመፈረሙ በፊት «ቤቱን የሚያድሰው ማን ነው? በስንት ዋጋ? ፈቃዱ የት አለ? መድኑስ?» ብሎ ይጠይቃል። ገማቹም ቢሆን የሥራው ዝርዝርና ዋጋው ካልተጻፈለት የታደሰውን ቤት ሊገምት አይችልም። ታዲያ ተቋራጩን የሚመርጠው ማን ነው? መንግሥት አይደለም፤ መንግሥት የሚመዘግበው አማካሪዎቹን ነው እንጂ ተቋራጮችን አይደለም። ስለዚህ «መንግሥት ለ203 ኬ ያጸደቀኝ ተቋራጭ ነኝ» የሚል ማስታወቂያ ያነበበ ሰው ነገሩን ቆም ብሎ ይመልከት፤ መንግሥት እንዲህ ያለ ማዕረግ ለተቋራጭ አይሰጥም። አበዳሪውም ቢሆን የተቋራጩን ወረቀት ይመረምራል እንጂ አይመርጥለትም። መራጩ ገዢው ራሱ ነው፤ ቢሳሳትም ዕዳው የእርሱ ነው።

ብዙ ሰው ግን ሥራውን የሚጀምረው ከኋላ ወደ ፊት ነው። አስቀድሞ ቤቱን ይወዳል፤ ቀጥሎ ከሻጩ ጋራ ይፈራረማል፤ የመዝጊያው ቀን ይቆረጣል፤ ከዚያ በኋላ ተቋራጭ ፍለጋ ይሮጣል። ሻጩ ቀን ይቆጥራል፤ አበዳሪው ወረቀት ይጠይቃል፤ ተቋራጩ ስልክ አያነሣም። በዚህ ጥድፊያ መካከል የመጀመሪያው «እሺ» ያለው ሰው ይያዛል። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው። ቀኑ ተቆርጦበት የሚመርጥ ሰው የሚመርጥ ይመስለዋል እንጂ በእውነቱ የተገኘለትን መቀበሉ ነው።

ደግሞስ ተቋራጮቹ ይህን ብድር ሲሰሙ ለምን ይሸሻሉ? ይህን ሳይረዱ እነርሱን መውቀስ ተገቢ አይደለም። ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። መደበኛውን ብድር የወሰደ አንድ ሰው 50 ሺህ ዶላር የሚያወጣ እድሳት አለው እንበል፤ ክፍያውም በአምስት ጊዜ እኩል የተከፋፈለ ይሁን። ተቋራጩ የ10 ሺህ ዶላር ሥራ ሠርቶ ይጨርሳል። ለዚህም እንጨቱን ገዝቷል፤ ለአናጢውና ለቧንቧ ሠራተኛው የሳምንት ደመወዝ ከፍሏል። ከዚያ በኋላ አማካሪው መጥቶ ያያል፤ ገዢው፣ ተቋራጩና አማካሪው ወረቀቱን ይፈርማሉ፤ አበዳሪውም ከመቶ ዐሥሩን ቀንሶ 9 ሺህ ይከፍላል። የቀረችው አንድ ሺህ በመያዣነት ትቆያለች። እንዲህ እየተባለ እስከ መጨረሻው ሲደርስ የተያዘው 5 ሺህ ዶላር ይሆናል፤ የሚለቀቀውም ሥራው ሁሉ ተፈጽሞ ሲረጋገጥ ነው። በውሱኑ ብድር እስከ ግማሽ የሚደርስ ገንዘብ ሥራው ሳይጀመር ሊሰጥ ይችላል፤ ቀሪው ግን እዚያም ይጠብቃል።

ከዚህ የምንረዳው ምንድን ነው? ይህን ሥራ ሊሠራ የሚችለው ሠራተኞቹን ከኪሱ እየከፈለ ጥቂት ሳምንታት ሊቆይ የሚችል ተቋራጭ ብቻ ነው። የእጁ ሥራ ግሩም ሆኖ መነሻ ገንዘብ የሌለው ሰው፣ በቀብድ የሚኖር ሰው፣ ከአንዱ ደንበኛ በተቀበለው ቀብድ የሌላውን ቤት የሚጨርስ ሰው፣ ከዚህ ብድር ጋራ ሊስማማ አይችልም። እንግዲህ ብድሩ አስቸጋሪ የሆነው ያለ ነገር አይደለም። ማጣሪያው ራሱ ነው። «ገንዘቡን አስቀድመህ ካልሰጠኸኝ አልጀምርም» የሚለውን ሰው ገና ከበሩ ይመልሰዋል። የሚያሳዝነው ግን ወንፊቱ መልካሙንም አብሮ ማስቀረቱ ነው፤ ብዙ ሥራ ያለው ብርቱ ተቋራጭ ወረቀቱን ላለመሙላት ሲል ብቻ ይቅርብኝ ይላል። ስለዚህ ፍለጋው ጊዜ ይፈልጋል፤ ጊዜም የሚገኘው አስቀድመው ከጀመሩት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ወገኖቻችን ጠባይ እንመለስ። እኛ ኢትዮጵያውያን በባዕድ አገር ስንኖር ለአገር ልጅ ያለን ፍቅር ከፍ ያለ ነው፤ ይህም የሚያስመሰግን ነገር ነው። ቤት ለማሳደስ ሲያስብ ብዙው ሰው በመጀመሪያ የሚደውለው በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ ወይም በዕቁብ ለሚያውቀው ሰው ነው። «እርሱ የታወቀ ነው፤ የእገሌን ምድር ቤት የሠራው እርሱ ነው፤ ዋጋውም ርካሽ ነው» ይባላል። ሰውየው ፈቃድ ካለው፣ መድን ካለው፣ ሒሳቡን በወረቀት ከያዘ ከዚህ የተሻለ ምርጫ የለም፤ ቋንቋው አንድ ነው፤ ስሙንም በማኅበሩ መካከል ላለማጥፋት ይጠነቀቃል። ፈቃድ ከሌለው ግን መተዋወቁ ብቻውን ቤት አያቆምም።

ይህን የምንለው ስለ ሰውየው ታማኝነት ተጠራጥረን አይደለም። ሕጉ እንዴት እንደ ተሠራ እንመልከት። በሜሪላንድ የቤት እድሳት ኮሚሽን የሚባል መሥሪያ ቤት አለ፤ ቤት የሚያድስ ተቋራጭ ሁሉ ከእርሱ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ተቋራጩ ውል በሚፈረምበት ጊዜ ከጠቅላላው ዋጋ ከሢሶ የበለጠ ቀብድ እንዳይቀበል የክፍለ ግዛቱ ሕግ ይከለክላል። ኮሚሽኑ ደግሞ የዋስትና ገንዘብ ያስተዳድራል፤ ባለፈቃድ ተቋራጭ ሥራውን ቢያበላሽ ወይም ጥሎ ቢሄድ ባለቤቱ እስከ 30 ሺህ ዶላር የሚደርስ ካሣ ሊያገኝ ይችላል። ቨርጂኒያም ተቋራጮቿን በሦስት ደረጃ ከፍላ ፈቃድ ትሰጣለች፤ እርሷም ይህን የመሰለ የካሣ ገንዘብ አላት። ሩቅ ያለችው ካሊፎርኒያ እንኳ የቤት እድሳት ቀብድ ከመቶ ዐሥር ወይም ከአንድ ሺህ ዶላር፣ ከሁለቱ ከሚያንሰው እንዳይበልጥ ደንግጋለች። ነገር ግን በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂኒያ ይህ ካሣ የሚከፈለው ተቋራጩ ባለፈቃድ የነበረ እንደ ሆነ ነው። ፈቃድ የሌለውን ዘመዱን ያሠራ ሰው ከዚህ ሁሉ ጥበቃ ውጭ ነው፤ የሚቀረውም የሽማግሌ ደጅ መጥናት ነው።

«እንግዲህ የአገሬን ልጅ ፈቃድህን አሳየኝ ብዬ እንዴት ላሳፍረው?» የሚል ይኖራል። ይህ በእውነት የብዙዎች ችግር ነው፤ ይሉኝታ የሚሉት ነገር ቀላል ሸክም አይደለም። ነገር ግን ወደ ራሳችን ልማድ እንመልከት። በአባቶቻችን ዘመን ሁለት ሰዎች ብድር ወይም ውል ሲዋዋሉ «ዋስ ጥራ» መባባል ነውር ነበርን? አልነበረም። ወንድምም ለወንድሙ ዋስ ይጠራ ነበር፤ ዋስ የተጠየቀውም ሰው ተዋረድሁ አይልም ነበር። ፈቃድና መድን የዛሬ ዘመን ዋስ ናቸው። እንዲያውም ወረቀቱ የተሟላ ተቋራጭ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል፤ በዋጋ ከሚያሳንሰው ፈቃድ አልባ ተወዳዳሪ የሚለየው ይኸው ወረቀቱ ነውና። የሚያፍረውም የሚቆጣውም ወረቀት የሌለው ነው። ደግሞም በገዢውና በተቋራጩ መካከል ዝምድና ወይም የጥቅም ግንኙነት ካለ ይህንኑ ለአበዳሪው አስቀድሞ መንገር ይገባል፤ በኋላ ሲገለጥ የሚያስከትለው ጣጣ ከመንገሩ ይከብዳልና።

ታዲያ ፍለጋው ከየት ይጀመር? በእኛ አስተያየት ቤት መመልከት ሳይጀመር በፊት ሦስት ሰዎችን ማነጋገር ይጠቅማል። የመጀመሪያው ይህን ብድር ደጋግሞ የሰጠ አበዳሪ ነው። «ባለፈው ዓመት ስንት እንዲህ ያለ ብድር ፈጸማችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ ለብድሩ አዲስ የሆነ አበዳሪ ወረቀቱን እየተማረ ቀኑን ያሳልፈዋል። ሁለተኛው ከመንግሥት መዝገብ የሚገኘው አማካሪ ነው፤ እርሱ የሥራን ፍጻሜ እየመረመረ የኖረ በመሆኑ የትኛው ተቋራጭ እንደሚጨርስ፣ የትኛው በመካከል እንደሚጠፋ ያውቃል። ሦስተኛው በአካባቢው በቅርቡ አሮጌ ቤት ያሳደሰ ባለቤት ነው። በመስኮቱ ላይ የግንባታ ፈቃድ የተለጠፈበትን ቤት አይቶ በትሕትና በሩን ማንኳኳትና መጠየቅ ምንም ነውር የለበትም።

ከነዚህ የተገኙትን ሁለት ወይም ሦስት ተቋራጮች ስም ይዞ ምርመራው ይቀጥላል። የፈቃዱን ቁጥር ተቀብሎ ከሰጪው መሥሪያ ቤት መዝገብ ማመሳከር ይገባል፤ ፎቶ ኮፒ ማየት ብቻ አይበቃም። የመድኑን ማስረጃ ከራሱ ከመድን ድርጅቱ በቀጥታ እንዲላክ መጠየቅ ነው። ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ ቀለሙ እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችልና እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ስለሚጎዳ፣ ተቋራጩ ከ2010 ጀምሮ የሚሠራበትን የፌዴራል ደንብ በሚያዘው መሠረት የሠለጠነና የምስክር ወረቀት ያለው መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ጥያቄ መጠየቅ አለበት፦ «ክፍያህ ከምርመራ በኋላ ብቻ የሚመጣበት፣ ከመቶ ዐሥሩም የሚያዝበት ሥራ ሠርተህ ታውቃለህ ወይ? ሠራተኞችህንስ እስከዚያ በምን ትከፍላለህ?» መልሱን በሚሰጥበት ጊዜ የሚያመነታ ተቋራጭ፣ ደግ ሰው ቢሆንም እንኳ፣ ለዚህ ብድር የሚሆን አይደለም።

ዋጋ በሚነጻጸርበት ጊዜም የሚሳሳቱ ብዙዎች ናቸው። ለአንዱ ተቋራጭ «ማድቤቱን ሥራልኝ»፣ ለሌላው «ማድቤቱንና ወለሉን እይልኝ» ብሎ የተቀበሉት ሁለት ዋጋ ሊነጻጸር አይችልም። አንድ የሥራ ዝርዝር ተጽፎ፣ የዕቃው ዓይነትና ብዛት ተለይቶ፣ ያው ዝርዝር ለሁሉም መሰጠት አለበት። ከሌሎቹ እጅግ ያነሰ ዋጋ የሰጠውን ደግሞ ከመደሰት በፊት ምን እንደ ተወ መጠየቅ ይገባል። የተተወው ነገር በኋላ «ጭማሪ» ተብሎ መምጣቱ አይቀርም። ሠላሳ ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነው ቤት መደበኛው ብድር ቢያንስ ከመቶ ዐሥር የሚሆን የመጠባበቂያ ገንዘብ እንዲያዝ የሚያስገድደው፣ አሮጌ ግድግዳ ሲፈርስ ከውስጡ የበሰበሰ ቧንቧና የተቃጠለ የኤሌክትሪክ ሽቦ እንደሚወጣ ስለሚታወቅ ነው።

ውሉን በሚመለከት አንድ ታሪክ እናንሣ። በ1791 ዋሽንግተን አዲስ ዋና ከተማ ሆና ስትቆረቆር፣ ግንበኞችና ነጋዴዎች ገንዘባችን ይቀርብናል ብለው እንዳይሰጉ የሜሪላንድ ምክር ቤት አንድ ሕግ አወጣ። ይህም ያልተከፈለው ሠራተኛ በሠራው ሕንፃ ላይ የመያዣ መብት እንዲኖረው የሚያደርግ ነው። ሕጉ በኋላ በአገሪቱ ሁሉ ተዛመተ። ለሠራተኛው ፍትሕ ነው፤ ለማያውቅ ባለቤት ግን ወጥመድ ሊሆን ይችላል። ዝርዝሩ በየክፍለ ግዛቱ ቢለያይም፣ ባለቤቱ ለተቋራጩ ከፍሎ ሳለ ተቋራጩ ለእንጨት ሻጩ ወይም ለቧንቧ ሠራተኛው ሳይከፍል ቢቀር፣ እነዚህ ሰዎች በቤቱ ላይ ጥያቄ ሊያነሡ የሚችሉበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በእያንዳንዱ ክፍያ ጊዜ «ገንዘቤን ተቀብያለሁ፤ በቤቱ ላይ መብት አልጠይቅም» የሚል የተፈረመ ወረቀት ከተቋራጩም ከሥሩ ከሚሠሩትም መቀበል ያስፈልጋል። ሥራው ብድሩ ከተዘጋ በ30 ቀን ውስጥ እንዲጀመርና ተከታታይ 30 ቀን እንዳይቋረጥ የብድሩ ውል ስለሚያዝ፣ ከተቋራጩ ጋራ የሚደረገው ውልም ይህንኑ ቃል መያዝ አለበት።

«ይህ ሁሉ ወረቀት ሰውን ያሰለቻል እንጂ ቤት አይሠራም» የሚሉ ሰዎች አሉ። እውነትነት የለውም አንልም፤ ወረቀት ብቻውን ቤት አለመሥራቱን ራሱ የዚህ ብድር ታሪክ ያስተምራል። በ1996 መንግሥት ቤት ለትርፍ የሚገዙ ነጋዴዎች በዚህ ብድር እንዳይጠቀሙ አገደ። ከዚያም በኋላ በ1990ዎቹ መጨረሻ በኒውዮርክ ከተማ፣ በሐርለምና በብሩክሊን፣ በበጎ አድራጎት ድርጅት ስም በዚሁ ብድር አሮጌ ቤቶች በተጋነነ ዋጋ ተገዙ፤ ግምቱ የሐሰት ነበር፤ እድሳቱም ሳይፈጸም ብዙዎቹ ቤቶች ባዶአቸውን ቀሩ። ወረቀቱ በሥርዓቱ ተሞልቶ ነበር፤ ፊርማውም ነበረ። ያልነበረው ቤቱ ድረስ ሄዶ በዓይኑ የሚያይ እውነተኛ ሰው ነው። ያን ጊዜ የተጎዳው የመንግሥት ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ በፈራረሱ ቤቶች መካከል የቀረው የሰፈሩ ድኻ ሕዝብም ጭምር ነው።

ስለዚህ የገዢው ፊርማ ዋጋ አለው። ተቋራጩ «ሠራተኞቼ ደመወዝ ይፈልጋሉ፤ መታጠቢያ ቤቱን በሚመጣው ሳምንት እጨርሰዋለሁ፤ ለዛሬ ተሠርቷል ብለህ ፈርምልኝ» ሲለው፣ ርኅራኄ የተሰማው ገዢ ሊፈርም ይችላል። ይህ ግን ርኅራኄ አይደለም። ያልተሠራውን ተሠርቷል ብሎ የፈረመ ሰው መያዣውን በገዛ እጁ መልቀቁ ነው፤ ከዚያም በላይ ለአበዳሪው ሐሰት መናገሩ ነው። ተቋራጩን ለመርዳት የሚፈልግ ሰው ሌላ መንገድ አለው፦ ምርመራውን ሳያዘገይ መጥራት፣ የተፈጸመውን ሥራ በዕለቱ መፈረም፣ የመረጠውን የሸክላ ንጣፍ በየሳምንቱ አለመለወጥ፣ ለአበዳሪው እየደወለ ክፍያውን ማፋጠን ነው። ተቋራጭ ሁሉ ሌባ እንደ ሆነ አድርጎ መመልከትም ታላቅ በደል ነው፤ ገንዘቡን አውጥቶ ሠርቶ ለሳምንታት የሚጠብቀው እርሱ ነውና።

ወጣት አንባቢያችን ምናልባት ዛሬ ቤት የሚገዛበት አቅም የለው ይሆናል፤ የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊም የለውም። ነገር ግን ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ በየመሥሪያ ቤቱ የሚገባው ትውልድ ውሎ አድሮ ትምህርት ቤት የሚያሠራ፣ ጤና ጣቢያ የሚያሳድስ፣ መንገድ የሚረከብ ነው። በእኛም አገር በመንግሥት የግንባታ ውል ከየክፍያው ተቀንሶ እስከ ርክክብ የሚቆይ ገንዘብ አለ፤ መርማሪ መሐንዲስ አለ፤ የክፍያ ወረቀት ላይ የሚፈርም ባለሥልጣን አለ። በሜሪላንድ ለአንድ ቤተ ሰብ ማድቤት የሚሠራው ሥርዓትና ለአንድ ወረዳ ትምህርት ቤት የሚሠራው ሥርዓት መሠረታቸው አንድ ነው፤ ሠሪውን አስቀድሞ መምረጥ፣ ዋሱን መጠየቅ፣ ሥራውን በዓይን ሳያዩ አለመፈረም።

በዋሽንግተን ወንድም ወይም እኅት ያለው አንባቢ ደግሞ «አንድ አሮጌ ቤት አግኝቻለሁ፤ ዋጋው ርካሽ ነው» የሚል ስልክ በደረሰው ጊዜ፣ ስለ ቤቱ ስፋትና ስለ መኝታ ክፍሎቹ ብዛት ከመጠየቁ በፊት «የሚያድስልህ ማን ነው? ፈቃዱንስ አይተሃል?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ «እርሱን በኋላ እንፈልጋለን» የሚል ከሆነ፣ ቤቱ ጥቂት ሳምንት እንዲጠብቅ መምከር የዘመድ ወግ ነው። ሌላ አሮጌ ቤት ይገኛል፤ በሠላሳ ዓመት ዕዳ ላይ የተፈረመ ስም ግን በቀላሉ አይፋቅም።